የጓሮውን በር የሚያስከፍቱት ጋሽ አዴሎ

ጋሽ አዴሎ ማረፋቸውን የሰማሁት ቢታ ገነት ከተማ፣ አንድ ዳቦ ቤት የዱቄት መጋዘን ውስጥ ቆሜ ነው። የደወለልኝ ታናሽ ወንድሜ ታምራት ነበር። «አረፉ» አለኝ። እኔም ማን ብዬ አልጠየቅኩትም። ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠይቄው ነገ ነው ካለኝ በኋላ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ የጀመርኩትን ፎርም ጨረስኩ። ከጆንያዎቹ ስር እርጥበት አለ ብዬ ጻፍኩ፤ ባለቤቱ ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። ሰውየው ሻይ ልጋብዝሽ ሲለኝ እሺ ብዬ ጠጣሁ። ስኳሩ እንደበዛ ትዝ ይለኛል። አላለቀስኩም። እስከ ዛሬም በቅጡ አላለቀስኩም። ስለ እሳቸው ለመጻፍ የተነሳሁት ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ቦንጋ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ከፍርሃት ጋር ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማው ሳኒታሪያን ነበሩ፤ ምግብ ቤቱን፣ ሥጋ ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱን፣ የምንጩን ውኃና ሽንት ቤቱን እየዞሩ የሚያዩ። እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ እሳቸው ስር ተመደብኩ። ረጅም ሰው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ዝቅ ባለ የማድ ቤት በር ሲገቡና ሲወጡ ስለኖሩ ይመስለኛል፣ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ ሲሄዱ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ። ዝናብ ኖረም አልኖረም ሱሪያቸውን ቦቲ ጫማቸው ውስጥ ከተው ነው የሚወጡት።

አንድ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት የእጅ መታጠቢያውን ነው። ይታጠባሉ፤ ሳሙናውንም አገላብጠው ያያሉ። ደረቅና የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ይህ እኛ ስለመጣን የወጣ ሳሙና ነው ይሉኛል፣ ቀስ ብለው። ቀጥሎ የፊቱን ክፍል ዘወር ብለው ሳያዩ በመሃሉ አልፈው የጓሮውን በር ክፈቱልኝ ይላሉ። የፊቱን ለእንግዳ ነው የሚያሰማምሩት፤ ቤቱ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከጓሮ ነው ባይ ናቸው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከተማው ውስጥ አለ ወደተባለ ሆቴል ይዘውኝ ሄዱ። ባለቤቱ ከመሃል አገር መጥተው የከበሩ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አክብሮ ተቀበለን። አዳራሹ ያብለጨልጫል። የጓሮው በር ቁልፍ ግን ጠፍቷል ተባልን። ጋሽ አዴሎ የለስላሳ ሳጥን ጎትተው በሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ምሳ ይብሉ ሲባሉ አልበሉም፣ ውኃም አልጠጡም። እኔ በእፍረት መግቢያ ጠፍቶኛል። ከሰዓት በኋላ ቁልፉ ተገኘ። ከበሩ ጀርባ ያየነውን ሥጋ አሁን አላወራውም። ጋሽ አዴሎ አልጮኹም፤ የጻፉትን ጽፈው አስፈረሙና ወጣን። በሳምንቱ ብቻቸውን ተመልሰው ሄደው ለቆሻሻው ጉድጓድ የት መቆፈር እንዳለበት ሲያሳዩ፣ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደነበር ሰማሁ።

አፋቸውን የፈቱት በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። ሲረጋጉ አማርኛቸው እንከን የለውም። ሲናደዱ ወይም ልባቸው ሲነካ ግን ሴትና ወንዱን ያምታታሉ፤ እኔን «አንተ» ይሉኛል። ቢሮ ውስጥ ያለን ሁሉ ይህን እናውቃለን፤ ሰውን ባልሆነው ጾታ ከጠሩ የሚያሳስባቸው ነገር አለ ማለት ነው።

የወንድሜን ነገር ልናገር። ታምራትና እኔ ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። እሱ ለአንድ ነጋዴ ከየገጠሩ ቡና እየገዛ በሞተር ይመላለስ ነበር። ወደ ደካ በሚወስደው መንገድ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ለሕመሙ ትራማዶል የሚባል የማስታገሻ ክኒን ታዘዘለት። እግሩ ዳነ፣ ክኒኑ ግን አልቆመም። መጀመሪያ ዝናብ ሲሆን ያመኛል ይል ነበር፤ ቦንጋ ደግሞ ዝናብ የማይኖርበት ቀን ጥቂት ነው። በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው። አንድ ቀን ቁርስ እየበላን ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ፤ እሱም ተከትሎት ወደቀ። ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፣ ዓይኑ ተገልብጧል። የሚጥል በሽታ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ በቀን ምን ያህል ክኒን ሲወስድ እንደነበረ ከራሱ ከታምራት አፍ አውጥቶ ሲነግረኝ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልጽፍም። ውሸት ነበር፣ ልመና ነበር፣ መሐላ ነበር፣ እንደገና ውሸት። እኔ ለተወሰነ ጊዜ ተናደድኩ፣ ለተወሰነ ጊዜ አለቀስኩ። ከዚያ ሁለቱም ጠፉ። ደንዝዞ እንደተኛ እግር ሆንኩ፤ አለ፣ ግን አይሰማም። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ።

ጋሽ አዴሎ ምን ሆነሻል ብለው አልጠየቁኝም። የአንዱን ሥጋ ቤት ፎርም ሁለት ጊዜ ሞልቼ፣ በሁለት የተለያየ ቀን አስረክቤአቸው ኖሯል። ሁለቱን ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ጠሩኝና ቤት ማን ታሟል አሉኝ። ነገርኳቸው። እየተናገርኩ የሌላ ሰው ታሪክ የማወራ ይመስለኝ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ፣ የት ልትወስጂው አሰብሽ አሉኝ። አንዲት ጓደኛዬ የሰጠችኝን ባለቀለም ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የአንድ የሱስ ማገገሚያ ማስታወቂያ ነው፤ አበባ፣ ነጭ አልጋ፣ የሚስቁ ወጣቶች አሉበት። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ጀርባው ባዶ ነበር።

«አይተሽዋል?» አሉኝ።

አላየሁም አልኳቸው። የዓመት ፈቃዳቸውን የሚሞሉበትን ፎርም እንድሰጣቸው ጠየቁኝ።

ቦታው ከጅማ ወዲያ ባለች ከተማ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሱፍ የለበሰ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው። እንግዳ መቀበያው ሶፋ አለው፤ ግድግዳው ላይ «የተመረቁ» ወጣቶች ፎቶ ተሰቅሏል። ጋሽ አዴሎ እጃቸውን መታጠብ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ታጥበው ሲመለሱ ፊታቸውን አይቼ ሳሙናው ደረቅ እንደሆነ አወቅኩ። ከዚያ መኝታ ቤቱን ልይ አሉ። ሥራ አስኪያጁ የታካሚዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ጎብኚ አይገባም አላቸው። ታካሚ ሳይሆን ፍራሽ ነው ማየት የምፈልገው አሉት። ሲያንገራግር እንደ ሆቴሉ ቀን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በመጨረሻ ተከፈተ። በሩ የሚቆለፈው ከውጭ በኩል በጓጉንቸር ነው። መስኮቶቹ ላይ ጣውላ ተመትቷል። ፍራሾቹ መሬት ላይ ናቸው። አንድ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል፤ ስንገባ አልዞረም። ጋሽ አዴሎ ቁልፉን የያዘውን ሰው ሥራህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ዘበኛ ነኝ አለ። ሰው መንቀጥቀጥ ሲጀምረው መድኃኒት የሚሰጠው ማነው አሉት። እኔ ነኝ አለ፣ ሳያፍር፤ ካርቶን ውስጥ እንደሚቀመጥም አሳየን። ሐኪሙ መቼ ነው የመጣው ሲሉት ሥራ አስኪያጁን ተመለከተ። ሰው ልውጣ ቢልስ አሉት። ቤተሰቡ ካልመጣ አይወጣም አለ።

አመስግነው ወጡ። መንገዱን ተሻገርን። ከዚያ ቆሙና «አንተ፣ ወንድምህን እዚህ አታስገባም» አሉኝ። ወደ መናኸሪያ ከመሄዳችን በፊት የከተማውን ጤና ቢሮ ጠይቀው አገኙና ያዩትን በሁለት ገጽ ጽፈው አስገቡ። ምን እንደተደረገበት አላውቅም።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ነበር። እዚያ ሳሙናው እርጥብ ነው። ሐኪም አለ፣ ነርስ አለ፣ ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ የጓሮው በር ክፍት ነው። እኔ በልቤ ጨርሻለሁ። የቦታው ኃላፊ በሃያ አንድ ቀን ወንድምሽን ንጹሕ አድርጌ አስረክብሻለሁ፣ ዋስትና እሰጣለሁ አለኝ። ጋሽ አዴሎ ባለፈው ዓመት የወጡት አሁን እንዴት ናቸው ብለው ጠየቁት። ሁሉም ደህና ናቸው አለ። እየደወላችሁ ትጠይቃላችሁ ወይ አሉት። ወደ ሕይወታቸው ከተመለሱ በኋላ አንረብሻቸውም አለ። ተመልሶ ቢጀምረውስ አሉት። ያ የራሱ ድክመት ነው፣ አንድ ጊዜ የወጣ ሰው ደግመን አንቀበልም፣ ስማችን ይበላሻል አላቸው። ጋሽ አዴሎ ኮፍያቸውን አንስተው ተነሱ።

ከእሳቸው ጋር ተጣልቼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ ቤት የሚወስደንን መኪና እየጠበቅን ንጹሕ ነው፣ ሐኪም አለ፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ አልኳቸው። የእርስዎ ወንድም ስላልሆነ ነው ብዬም ጨመርኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ስለ ምትኩ ነገሩኝ።

ምትኩ ልጃቸው ነው። እንደሞተ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እንዴት እንደሞተ ግን ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ከእትዬ አስቴር በቀር የሚያውቅ የለም። አረቄ ይጠጣ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ጠዋት ካልጠጣ እጁ ብርጭቆ አይዝም። አንድ ሰው በአርባ ቀን የሚያድን ቦታ አለ ብሎ ነገራቸው። ይዘውት ሄዱ። በሩ ላይ ቤተሰብ ከዚህ አያልፍም፣ አርባው ቀን እስኪሞላም እንዳትመጡ ተባሉ። እሺ አሉ።

«የሰው ሁሉ ጓሮ የማስከፍት ሰውዬ ልጄን በር ላይ አስረክቤ ተመለስኩ» አሉኝ። «አፍሬበት ነበር። ሰው ሳያየኝ ቶሎ መመለስ ነው የፈለግኩት።»

አረቄውን ባንድ ቀን አስቆሙት። መንቀጥቀጥ ጀመረው፣ የሌለ ነገር ማየት ጀመረ፤ እልኸኛ ነው ብለው ውኃ ደፉበት። የጤና ባለሙያ አልነበረም። ከገባ በአራተኛው ቀን ሞተ። ለእሳቸው የተደወለላቸው በስድስተኛው ነው። ቦታው አሁን ተዘግቷል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ስለ አንድ ምግብ ቤት ሪፖርት የሚያቀርቡ በሚመስል ድምፅ ነው። እኔ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መኪናው መጣና ገባን።

ሦስተኛውን ያገኘነው በሰው በሰው ጠይቀን ነው። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጎን፣ ለሱስ ታካሚዎች የተለየ አሮጌ ሕንጻ ነው። ቀለሙ ተልጧል፤ አልጋዎቹ ብረት ናቸው። ወረፋም አለው። የተቀበለችን የሳይካትሪ ነርስ ናት፤ አጠር ያለች፣ ፊቷ የደከመ ሴት። እኛ ሳንጠይቃት እሷ ትጠይቀን ጀመር። ስንት ክኒን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ አንዘፍዝፎ ጥሎት ያውቃል ወይ፣ ከክኒኑ ጋር ይጠጣል ወይ፣ ራሴን አጠፋለሁ ብሎ ያውቃል ወይ። የመጨረሻውን ስትጠይቀኝ አዎ አልኩ፤ እስከዚያች ሰዓት ለማንም ያልተናገርኩት ነው። ጻፈችው። ቤት ውስጥ በራሳችሁ ባንድ ጊዜ እንዳታስቆሙት፣ እዚህ እየታየ ነው የሚቀነሰው አለች። ከዚያ ጋሽ አዴሎ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ኑ ከጓሮ በኩል ላሳያችሁ ብላ ተነሳች።

ሽንት ቤቱን አዩ። ወጥ ቤቱን አዩ። ግቢው ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ ታካሚዎች ነበሩ፤ እሱ ከፈቀደ አነጋግሩት ብላ አንዱን ጠርታልን ሄደች። ይሰድቧችኋል ወይ አሉት ጋሽ አዴሎ። ሰውየው ሳቀና የሚሰድበን ሽሮው ነው አለ። መውጣት ትችላለህ ወይ ሲሉት፣ እችላለሁ፣ ባለፈው ወጥቼ ነበር፣ እንዳልወጣ ቁጭ አድርገው ለመኑኝ፣ አልሰማ ብዬ ሄድኩ፣ ወድቄ ስመለስ አልጋዬን ሰጡኝ አላቸው። ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ጋሽ አዴሎ ሰውየውን ጨብጠው ረጅም ጊዜ እጁን አልለቀቁትም።

ነርሷ ቢሮ ስንመለስ አልዋሻችሁም አለችን፤ ብዙዎቹ ይመለሱበታል፣ ሲመለሱበት እንቀበላቸዋለን፣ ሥራው ይኸው ነው። ከዚያ ብዕሯን አነሳች።

«ከዚህ ሲወጣ ቦንጋ ላይ ማን ይከታተለዋል?»

እኔ ነበርኩ መመለስ የነበረብኝ። ውስጤን ፈለግኩ፣ የሚሰጥ ነገር አጣሁ።

«እኔ» አሉ ጋሽ አዴሎ።

አባቱ ነዎት አለቻቸው። አይደለሁም አሉ። ሌላ ሳትጠይቅ ስማቸውንና ስልካቸውን ካርዱ ላይ ጻፈች። እሱስ ለመምጣት ተስማምቷል ወይ ብላ ጠየቀችን። እግሩን እንዲታይ ነው ብዬ ላመጣው እንዳሰብኩ ነገርኳት። ጋሽ አዴሎ ዞረው አዩኝ።

ቤት እንደደረስን ታምራትን ራሳቸው አነጋገሩት። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። አልመከሩትም፣ አልተቆጡትም። ያዩትን ነው የዘረዘሩለት። አልጋው ብረት ነው አሉት፤ ሲገላበጡበት ይጮኻል። ምግቡ ሽሮ ነው፣ ቀጭን ነው። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ገብቼ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፣ ግን መድኃኒት የሚሰጥህ ነርስ ናት። ልውጣ ብትል አይቆልፉብህም። እኔ ባሰኘኝ ቀን ሳልደውል መጥቼ አይሃለሁ፤ ጠይቄያለሁ፣ ፈቅደዋል። ታምራት መቼ ነው የምንሄደው አለ። በኋላ ለምን እሺ እንዳለ ጠይቄው አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ትድናለህ ሲለኝ ነበር፣ እሳቸው ሽሮው ቀጭን ነው አሉኝ አለ።

ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ወጣ። ጋሽ አዴሎ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጥተው ነበር። በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ግቢያችን በር ላይ ይቆማሉ፤ አያንኳኩም፣ ያስላሉ። ታምራት ይወጣል። ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ጫካው እስኪጀምር ይሄዳሉ ወይም የጋሽ አዴሎን የንብ ቀፎዎች ያያሉ። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፤ ብዙም የሚያወሩ አይመስለኝም። የክትትል ቀጠሮው ሲደርስ አብረውት ይሳፈራሉ። ሞተር ጥገና ቤት ሥራ ያገኙለትም እሳቸው ናቸው፤ ለባለ ጥገና ቤቱ ምንም ሳይደብቁ።

በክረምቱ ታምራት ወደቀ። ኪሱ ውስጥ ባዶ የክኒን ቅጠል ሳገኝ አልጮኽኩም። ልብሱን ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ በር ላይ አስቀመጥኩትና ሥራ ሄድኩ። ስመለስ ማዳበሪያው የለም፤ እሱም የለም። ጋሽ አዴሎ ልብሱን አንድ ባንድ አጣጥፈው፣ ሻንጣ ውስጥ አድርገው፣ እሱን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ሄደው ኖሯል። ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው ተቀብለውታል አሉኝ። ይቀበላሉ ብለውን ነበር፣ የመረጥናቸውም ለዚሁ ነው አሉኝ። እኔ እሺ ብቻ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ታምራት አልተመለሰበትም፤ እስከ ዛሬ ማለቴ ነው።

ነገሩ እየተሰማ ሲሄድ ልጅ ወይም ባል የታመመበት ሰው ቤታቸው መምጣት ጀመረ። የቦታውን ስም ንገሩን ይሏቸዋል። ስሙን ከመናገራቸው በፊት ሄዳችሁ እዩ ይላሉ። መድኃኒቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ሳትነግሩ ሂዱ፤ ልጃችሁ የሚተኛበትን ፍራሽ በእጃችሁ ንኩ፤ የወደቀውን ምን እንደሚያደርጉት ጠይቁ፤ አድናለሁ ብሎ የሚምልላችሁን ትታችሁ ኑ። አንዲት ሴት እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ምን አይቼ አውቃለሁ አለቻቸው። አብረዋት ሄዱ።

የታመሙት ባለፈው ዓመት ነው። የጀርባ ሕመም መስሏቸው ቆዩ፤ ጅማ ሲመረመሩ ካንሰር ሆኖ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ለሕመሙ መድኃኒት ታዝዞላቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ታምራት ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። ያገላብጣቸዋል፣ ያጥባቸዋል፣ ጢማቸውን ይላጫቸዋል። እኔ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። አንድ እሁድ እትዬ አስቴር ወደ ጓዳ ጠራችኝና የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ሰጠችኝ። ከፍራሹ ስር ነው ያገኘሁት፣ አልተገዛም አለችኝ። አነበብኩት። ትራማዶል ይላል።

ሳምንታት ሙሉ ያለ ማስታገሻ ተኝተው ነበር። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። ታምራት እዚህ ቤት ይገባል ይወጣል አሉኝ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። ምን እንደተሰማኝ ለመናገር ይቸግረኛል። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁና ታምራትን ሥራ ቦታው ድረስ ሄጄ አሳየሁት። አነበበ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ አብሮኝ መጣ። አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ይገዛልዎ አለ። እኔ በማላውቀው ቦታ ይቀመጥ፣ እኔም መምጣቴን አላቆምም፣ ከከበደኝ ደግሞ እነግርዎታለሁ አላቸው። ጋሽ አዴሎ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጀምሮ ክኒኑን የምይዘው እኔ ሆንኩ። ጠዋትና ማታ የሚዋጠውን ብቻ ይዤ እሄዳለሁ። ሕመሙ ጋብ አለላቸው፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቢታ ገነት ለፊልድ ሥራ የተመደብኩት በዚህ መሃል ነው። ለሦስት ቀን ነው። በጠዋት ልሰናበታቸው ገባሁ፤ ታምራት እግራቸውን እያሸላቸው ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው፣ ብዙም አላሰብኩበትም። የክኒኑን ፓኬት ከቦርሳዬ አውጥቼ ወደ እሱ ዘረጋሁ።

አልተቀበለኝም። እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ለእኔ አትስጪኝ፣ ብርቄ» አለኝ። «ዛሬ ደህና ነኝ። ነገ እንዴት እንደምሆን አላውቅም።»

ለእትዬ አስቴር ሰጠኋት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና ነጠላውን ወገቧ ላይ አሰረችው። ጋሽ አዴሎ ተኝተው ይህን ሁሉ ሲያዩ ነበር። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋቸው።

«ለነርሷ ደውልና ንገራት» አሉኝ።

ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አረፉ።

ለቀብሩ ደረስኩ። ዝናብ ይጥል ነበር፤ ሰው ብዙ ነበር። ታምራት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነው። እግሩ ዛሬም ትንሽ ያነክሳል፤ ቁልቁለቱ ላይ እንዳይወድቅ ስፈራ እግሩን እግሩን ስመለከት ቀብሩ አለቀ። ለነርሷ ደወልኩላት። ሁለቱንም ነገርኳት፣ መሞታቸውንና ታምራት ያለኝን። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ብላ ታምራትን ሰላም በይልኝ አለችኝ።

ከሠልስቱ በኋላ እትዬ አስቴር ነጠላዋን ፈታ የተረፈውን ክኒን አወጣችልኝ። ልጥለው አልፈለግኩም፤ ቤትም ላሳድረው አልፈለግኩም። ለመድኃኒት ቤቱ መልሼ እንዲያስወግዱት ለመስጠት ስነሳ ታምራት እኔም እመጣለሁ አለ። ጎን ለጎን ሄድን፤ ፓኬቱ በእኔ ቦርሳ ውስጥ በሌላኛው ጎኔ ነው። ደጃፉ ጋ ስንደርስ መንገዱን ተሻግሮ አንድ የቆመ ባጃጅ አጠገብ ቆመ። ገብቼ አስረከብኩ። ልጅቷ መዝግባ አስፈረመችኝ። ስወጣ እዚያው ቆሟል፤ ሁለት እጁን ኪሱ ከቷል።

«ሰጠሻቸው?»

«ሰጠሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ትንሽ እንደሄድን የሆስፒታሉ የክትትል ቀጠሮው ሐሙስ እንደሆነ ነገረኝ። አብሬው እሄድ እንደሆነ ጠየቀኝ። የሐሙስን ሥራ ለማን እንደማስረክብ አላሰብኩም ነበር።

«እሄዳለሁ» አልኩት።